ሦስተኛው ፎርማት

ሀወሊ፣ ምድር ቤት፣ ከሞባይሎች መደዳ፣
ከሻጂ ሱቅ ጀርባ አለችኝ አንድ ጓዳ፤
አንድ በርጩማ፣ አንድ አምፖል፣ ካቻቢቴ በየመልኩ፣
ስም የተጻፈበት ፕላስተር፣ ለየሬሳው በየልኩ።

ትርንጎ ዓርብ መጣች፣ ፀሐዩ የኩዌትን አስፋልት ሲያቀልጥ፣
ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ አቅፋ፣ እንዳይናወጥ።
የማዳሟ ልጅ ሰልችቶት የጣለው ነው፤ ማጠፊያው ላልቷል፣
ክዳኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ግማሹ ተልጧል።

«መከፈቱን ይከፈታል» አለች፣ «ስም መጻፍ ስጀምር፣
ድርግም! ገጹ ይዘጋል፤ ሳላስቀምጥ አንድ ቁጥር።
ሰው ቢሆን ኮ ጠላኝ እል ነበር።»

ስሞቹ የዕቁብ ናቸው። ሃያ ሦስት ሴት፣ በወር አሥራ አምስት ዲናር፤
አንዷ ሳልሚያ፣ አንዷ ጃብሪያ፣ አንዷ ጃህራ፣ ከበረሃው ዳር።
የማን ዕጣ ወጣ፣ የማን ቀረ፣ ማን ለማን አበደረች፣
ትርንጎ ጸሐፊ ናት፤ ካልተጻፈ ሌባ ትባላለች።

እኔም የማውቀውን አደረግኩ። ጠራርጌ አጠፋሁት፣
ሲስተሙን ካዲስ ጫንኩት፣ አዲስ ስም አወጣሁለት።
ሦስት ዲናር ተቀበልኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሠራ፤
በወሰደችው በሁለተኛው ቀን፦ «ሙሂዲን፣ ያው ነው፤ ያው ኪሳራ።»

ሁለተኛው ፎርማት በነጻ። ያልጠረጠርኩት አልነበረም፤ ጠረጠርኩ፤
ቫይረስ ይሆን? የአማርኛው ፊደል? ዲስኩን ጥግ እስከ ጥግ ፈተሽኩ፣
ድራይቨሩን አንድ ባንድ አራገፍኩ፣ አንድ ባንድ መልሼ ጫንኩ።
ከኔ ዘንድ ሲሆን፣ እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ፤
ከርሷ ዘንድ ሲገባ፣ ስም ሲነካ ቁርጥ።

ሻጂ ሳቀብኝ፣ በዐረብኛና በሂንዲ ቅልቅል፣
«ማሽኑ ደህና ነው፤ ሴትዮዋን ፎርማት አድርጋት» ሲል።
አልሳቅኩም። ሦስተኛውንም ጨርሼ ነበር፣ አፍሬ፤
አንዱን በር ሦስቴ ቀለም ቀብቼ፣ ማጠፊያውን ሳላይ ኖሬ።

የዚያን ዓርብ ነው የጠየቅኳት፣ ካቻቢቴዬን አስቀምጬ፦
«ሲዘጋብሽ የት ነሽ?»
                    «የት ልሆን? ማዳም ስትተኛ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፤
የሚዘጋ በር ያለው እሱ ነው። ማጠቢያው ይሽከረከራል፣
እላዩ ላይ አስቀምጬ፣ ቆሜ፣ እጽፋለሁ። ጩኸቱ
የፊደሉን ቀጭ ቀጭ ይውጥልኛል፣ እስኪያልፍ ሌሊቱ።»

«ሲጨምቅ ይንቀጠቀጣል?»
                    «ወለሉም ጭምር!»

ከፈትኩት። ሆዱ ውስጥ፣ ካቧራው ሥር፣ የሜሞሪዋ ቅጠል
ከመቀመጫዋ ተነቅንቃ፣ ባንድ ጎን ብቻ ስትንጠለጠል።
የሰባት ዓመት ልጅ ጥርስ፤ በምላስ ሲነኳት የምትወዛወዝ፣
ማሽኑ ልብስ ሲጨምቅ፣ የያዘችውን ስም ረስታ የምትፈዝ።

በተማሪ ላጲስ ወለወልኳት፣ ወርቃማው ጫፏ እስኪበራ፤
በአውራ ጣቴ ገፋሁ፤ ቀጭ አለች፤ በቃ፣ የወር ተኩል ሥራ።

ገንዘብ አልተቀበልኩም። «ጠረጴዛ ላይ አድርጊው» አልኳት።
ዝም ብላ ፎጣዋን አየች፤ አራት ቦታ አጠፈቻት።
ስድስት ጠረጴዛ በየቀኑ ትወለውላለች፣ አንዱም የሷ አይደል፤
እሷ አላለችኝም ይህን፤ እኔ ነኝ፣ ከሄደች ኋላ፣ ሳሰላስል።

ይኸው ሰባተኛ ዓርብ ሆነ። ትርንጎ አልተመለሰችም።
ለጠጋኝ ጥሩ ዜና ነው፤ የዳነ ዕቃ አይመለስም፣
ይባላል። ግን እዚህ አገር ሰውም እንዲሁ ይቀራል፤
ስልክ ይቀማል፣ ቤት ይለወጣል፣ ወይ አውሮፕላን ይነሳል።
የቱ እንደሆነ አላውቅም።

ላጲሷ መሳቢያዬ ውስጥ አለች፣ አንድ ጎኗ ጠቁሮ።

ማታ ማታ፣ ከበላዬ ያለው ቤት ልብስ ሲያጥብ፣
አምፖሌ ስትንቀጠቀጥ፣
ካቻቢቴዬ ላፍታ ትቆማለች፤ የጭመቃው ድምፅ እስኪረግብ።