ሦስት ላሜራ

ሦስት ቁራጭ ላሜራ ደረደርኩለት፣
ሦስቱም አንድ ቀለም፣ ሦስት ዓይነት ፊት፤
አንዱ እንደ መስታወት፣ አንዱ ለዘብ ያለ፣
ሦስተኛው ደብዛዛ፣ ብርሃን ተቀብሎ መልስ የከለከለ።

አባቴ አያይም። ድሮ ከይዜራ ወንዝ ማዶ፣ ከፋብሪካው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም መርጨት ነበር ሥራው፤
ዐይኑን ስኳር በሽታ በየዓመቱ ሸርፎ ወሰደው፣
ጣቱን ግን ረሳው፣ ወይ አፈረና ተወው።

ሽኮዳችን የስልሳ ሰባት ናት፣ ሞተሯ ከኋላ፤
ሃምሳ ክረምት ሙሉ የበረዶ መንገድ ጨው ስትበላ፣
በስተመጨረሻ ጨው እሷን በላ።
በጥር ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥለን አወጣነው፤
አሁን የቀረን ባዶ ጉድጓዱ ነው፣
አንቲሩጅኑ የደረቀ፣ ውሳኔ የሚጠብቅ።

ሂኔክ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ችኩል። "የሚያብረቀርቅ!
ክዳኑ ብድግ ሲል ሰው ፊቱን ይይበት!
ሰኔ ላይ ትርኢት አለ፣ ዳኞች በባትሪ መብራት ገብተው የሚያዩበት።"

አባቴ መስታወቱን በአመልካች ጣቱ ዳሰሰ።
"ይሄ አሳባቂ ነው" አለ፤ "አንዲት ጠብታ ዘይት ከፈሰሰ
ለአገር ይናገራል። ደግ። ግን መዶሻ ያረፈበትን፣ ሞረድ የሳተውን፣
የኛንም ጉድ አንድ በአንድ ያወጣል፤
ስቱኮ ያልጠገበ ግድግዳ እንግዳ ይጠራል?"

ደብዛዛውን ነካ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ያልቆሸሸውን።
"ይሄ ደግሞ ቂመኛ። የእጅ ወዝ፣ የግራሶ አሻራ፣
ብታጥቢው ብታጥቢው ይዞ ይኖራል በአደራ።"

ለዘብ ያለው ላይ ሲደርስ ዝም አለ።
አውራ ጣቱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እዚያው ዋለ።
"እንቁላል" አለ በመጨረሻ፤
"ዛሬ የተጣለ፣ ሙቀቱ ያልለቀቀ።"

"ሳቲን" ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ነገሩ ያለቀ
መስሎኝ። እሱ ግን ላሜራውን እንደያዘ፣
"ያኔ ይሄን ጉድጓድ ማን እንደቀባው ታውቃላችሁ?" ብሎ ተከዘ።
"ማንም። አካሉን ስንረጭ የተረፈው ጉም
በክፍተት ገብቶ ያረፈው ነው። ማንም
ጎንበስ አላለለትም። እኔም።
ዓርብ ከሰዓት፣ ኮታው ሳይሞላ ሲመሽ፣
ውስጡን ለቄስ ብለን ነበር የምንሸሽ።"

ሂኔክ ዘለለ፦ "ታዲያ ዳኞቹ የሚሹት ያንኑ ነው! እንደወጣች!"
አባቴ ሳቀ፣ ሳሉ እስኪነሳ።
"ስንፍናዬን ሜዳሊያ ሊያጠልቁለት!
መርጫውን አምጪ፣ ራድካ።"

ኮምፕሬሰሩ አጓራ። ግራ እጁን ጠርዙ ላይ አኑሮ
አንድ ስንዝር ለካ፤ ከዚያ ወዲያ የመራው ጆሮ፦
ላሜራ ሲያገኝ አንድ ድምፅ፣ ቀዳዳ ሲያገኝ ሌላ።
አልቸኮለም። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተዋት ስንጥቅ ድረስ ሄደላት፣
በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ቄስ እንደመጣባት።

"አዳረስኩ?" አለኝ።
"አዳረስክ" አልኩት።
"ሦስት ቀን ማንም እጁን እንዳያስገባ።"

ከማጠፊያው ስር ግን፣ ጥጉ ላይ፣ ቀለሙ በዝቶ
አንዲት ዘለላ ወርዳለች፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ የደረቀች፤
ተለማማጅ ቢያደርጋት ኖሮ ድሮ ደሞዝ ታስቆርጥ የነበረች።

ዛሬ ሦስተኛው ሌሊት ነው። ቲነር በሚሸት ጋራዥ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣
ውኃ የጠጣ ካርታቬትራ በእጄ ይዣለሁ።
አራቴ ባሻት ትጠፋለች። ማንም አያውቅም።
ጠዋት ሲመጣ ጣቱ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ጥግ ነው፤
ይሄን አውቃለሁ።

ውኃው ከወረቀቱ እየተንጠባጠበ
ጫማዬን አራሰው።