የሦስት ቀን መዝገብ

«ሦስት ቀን የቀመሳችሁትን መዝግቡ፣
ግራሙን፣ ሰዓቱን፣ የላሳችሁት ማንኪያ ሳይቀር፤
ሥነ ምግብ የሚያጠና ሰው ከራሱ ሳህን ይጀምር»
አለች ዶክተር ፍሪሰን። የካቲት ነው፤ ሳስካቱን
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ወርዳለች፣
ወንዙ ድንጋይ ሆኗል፣ የመኪና ጭስ ሸፍኖታል ድልድዩን።

ጻፍኩ።
ሰኞ ቁርስ፦ አጃ በወተት፣ ግማሽ ሙዝ፤
ምሳ፦ ሳልመን መቶ ሃያ ግራም፣ ጎመን፣ የሎሚ ጠብታ፤
እራት፦ ዶሮ ያለ ቆዳው፣ ቡናማ ሩዝ።
ማክሰኞ፦ እርጎ በማለዳ፣ አቮካዶ በማታ።
ረቡዕን እንኳ በባቄላ ሞላሁት።

ሳልመንን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው፣ ገጽ ሁለት መቶ ዐሥር፤
ፕሮቲኑን፣ ስቡን፣ ኦሜጋ ሦስቱን በቃሌ እወጣዋለሁ፤
ሽታውን ብትጠይቁኝ እወድቃለሁ።

እውነቱማ፦
ሰኞ፣ ከቤተ ሙከራ የተረፈ ብስኩት፤
ማክሰኞ፣ የካፍቴሪያው ነጻ ኬቻፕ በፈላ ውኃ፣
አራት ከረጢት ቀድጄ «ሾርባ» ብዬ የጠጣሁት፤
ረቡዕ፣ ምንም። ረቡዕማ ጾም ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?

ደጉ ጾም! ስንቴ ሸሸገኝ።
«አትበዪም?» ሲሉኝ «እጾማለሁ» እላለሁ፣
«እንዴት ያለ ጽናት!» ይሉኛል።
እግዜር ግን ያውቃል፦ ያስጾመኝ
የክፍሌ ኪራይ ነው።

በእኔ ቋንቋ ሆድ ጓዳ ነው፣ ምስጢር ይቀመጥበታል፤
ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይብሳል፣ የማይነገር ሲገጥም
«ሆድ ይፍጀው» ይባላል።
በዶክተር ፍሪሰን ሰሌዳ ላይ ሆድ ከረጢት ነው፣
አሲድ ያለበት፣ አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ፤
ለብሶት የተከፈለ ክፍል የለውም።

«ጉበት» አለች ያን ቀን፣ «የአንድ ቀን ስንቅ ይቋጥራል፤
ስንቁ ሲያልቅ ገላ ወደ ስቡ ይዞራል፣
ከስቡም ቀጥሎ ጡንቻን ይደፍራል።»
እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማስታወሻ እይዛለሁ፤
እሷ የምትለው ሁሉ እዚያው ወንበሬ ላይ ይፈጸማል።
በፈተናው ያቺን ጥያቄ የቀደመኝ የለም።

ኮምፒውተሩ መዝገቤን አኝኮ አረንጓዴ አበራ፦
«የተመጣጠነ።»
«ብረት ብቻ ያንስሻል» አለኝ።
እዩት እንግዲህ፣ በውሸቴም ውስጥ ብረት አነሰኝ!
የጥናት ጓዴ ታኒስ ምንም አላነሳትም፤
የእሷ መዝገብ ላይ የበሬ ጥብስ ነበረ፣ በየቀኑ።

ሐሙስ ዐሥር ሰዓት፣ የተማሪዎች ማኅበር ምድር ቤት፣
የምግብ ባንኩ ሰልፍ ላይ ሻርፔን እስከ ዓይኔ ስቤ ቆምኩ።
ከፊቴ ያለችው ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታለች።
ተራዋ ደርሶ ተቀብላ ዞር ስትል፣ ታኒስ ናት።
የሮዝታውኗ ታኒስ፣
አባቷ እስከ አድማስ ምስር የሚዘራ፣
አንዱን ዓመት ድርቅ፣ አንዱን በረዶ የበላበት፣
በእጇ የያዘችው የምስር ቆርቆሮ ነው።
መለያውን ገልብጣ አነበበችና
«ማን ያውቃል፣ የጎረቤታችን ይሆናል» አለችኝ።

አላፈርንም ብል እዋሻለሁ፤
ውሸት ደግሞ ለሦስት ቀን በልቻለሁ።
«ሳልመኑስ?» አለች። «ጥብሱስ?» አልኳት።
ሳቅን፤ ሳቁ ባዶ ሆድ ላይ ወድቆ ነው መሰል
ሁለታችንንም አዞረን፣ ግድግዳ ያዝን።

ማታ በእሷ ምድጃ ላይ ምስሩን ከነውኃው አሞቅነው፤
ጨው ነበራት፣ እኔ ደግሞ ሚጥሚጣ በወረቀት ጥቅልል።
ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቼ እንደገና ሞላሁት፦
ማክሰኞ፣ ኬቻፕ፣ ሠላሳ ስድስት ግራም።
ረቡዕ፣ ባዶ።
ሐሙስ፣ ግማሽ ቆርቆሮ ምስር።
ጉልበት ቀይ። ስብ ቀይ። ካልሲየም ቀይ።
ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ሲሆን
ብረት ብቻ፣
ብረት ብቻ ቢጫ አበራ።

«ላክ» የሚለው ላይ ጣቴን አንጠልጥዬ ቆየሁ።
ታኒስ ማንኪያዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች
በትከሻዬ ላይ እጇን አሻግራ
ተጫነችው።