ሃያ ስምንት ጉድጓድ

አርባ ዓመት ሙሉ በቫልፓራይሶ ዳገት
ባቡር በገመድ ስስብ፣ ሰው ሳወጣ ሳወርድበት፣
ገመዱ አልተበጠሰም፣ ፍሬኑም አልከዳኝም፤
ያንቺ ክኒን ቆጠራ ግን፣ ኦርቴንሲያ፣ አልሆነልኝም።
ጠዋት የዋጥሽውን ከሰዓት ትክጃለሽ፤
«መች ሰጠኸኝ?» ብለሽ መዳፍ ትዘረጊያለሽ።

ተነሣሁ። የብስኩት ቆርቆሮ ቀደድኩኝ፣
ከሞተ ማተሚያ ሞተሩን ነቀልኩኝ፤
ሃያ ስምንት ጉድጓድ፣ ለቀኑ አራት አራት፣
ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስበይድ እኩለ ሌሊት
የቀለጠው እርሳስ ጣቴን ለበለበው፤
እፍ አልሽልኝ መጥተሽ፣ ስሜን ሳታውቂው።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን አሳፈረኝ፦
ሰኞን ዘለለና ማክሰኞን ሰጠኝ።
የጎረቤት ልጅ፣ ኒካኖር፣ ኮዱን አየና ሣቀ፤
«ቆጠራው ካንድ ሳይሆን ከዜሮ ነው» ብሎ ተራቀቀ።
በሰባ አራት ዓመቴ መቁጠር ተማርኩ ባዲስ፣
ከባዶ ተነሥቼ ሃያ ሰባት እስክደርስ።

ደወሉ የድሮው የባቡሬ ነው፤
ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲያቃጭል ሰማሽው፤
ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ በር ላይ ቆምሽ ደርሰሽ፣
«ወደ ላይ ነው?» አልሽኝ፣ ፀጉርሽን አበጥረሽ።
«ወደ ላይ ነው» አልኩሽ።

ክኒኗ ዱብ አለች። በውሃ ዋጥሻት።
ከሽርጥሽ ኪስ ደግሞ፣ በሶፍት ጠቅልለሻት፣
የኔን የደም ግፊት ክኒን፣ የትናንቷን፣ አወጣሽ፤
«ያንተስ?» አልሽኝ፣ ቁጣ ቢጤ በዓይንሽ።

ሃያ ስምንቱንም ላንቺ ስሰረስር፣
ለራሴ ጉድጓድ መማስ ረስቼ ነበር።