የአያ ስንሻው ክምር

ደምበጫ ላይ ኅዳር ሲገባ ብሳናው ይቀላል፤
ያለ ክብሪት ነድዶ ያለ ጭስ ይበስላል።
ጀርባው ብርቱካን ነው፣ ሆዱ የብር ፊት፣
ሁለት ጊዜ ይገለበጣል መሬት ከመንካቱ በፊት።

አርባ ሦስት ልጅ አለኝ፣ አራት እርሳስ ቀለም፤
ቢጫው ተሰብሯል፣ ቀዩማ ጭራሽ የለም።
"በጀት ይለቀቅ" አሉ ርእሰ መምህሩ፤
ቀድሞት የተለቀቀው ቅጠል ነው፣ ከበሩ።

ከበሩ አያ ስንሻው፣ ዘበኛው፣ አሉ፤
ሌት በዱላ ያድራሉ፣ ቀን በመጥረጊያ ይውላሉ።
አንዲት ቅጠል ብትወድቅ ተነሥተው ያነሣሉ፤
"ለአሥራ ሁለት" እያሉ ይከምራሉ።
ኅዳር ሲታጠን ሊያነዱት፣ እንደ ልማዱ፣
ነፋስ እንዳይሰርቀው ድንጋይ ጭነውበት ሄዱ።

ለምሳ ሲሄዱ ነው የገባንበት እኛ።
ድንጋዩን ያነሣው እንየው ነው፣ ያ ዝምተኛ።
"ያልተበላ ብቻ! ቀዳዳ የሌለው!"
ብዬ ሳልጨርስ ክምሩ ግማሽ የለው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲጋደም ዓሣ ነው፤
ለዓይኑ የራሱን የፍሬ ቆብ ለጠፍነው።
ዋንዛ ሰፊ ነውና ዶሮም በግም ወጣው፤
ሦስት እግር ያለው ባጃጅ ባንቺአምላክ አወጣችው።
ሙጫችን ዱቄት ነው፣ ከቤቴ የቆነጠርሁት፣
ማታ በሻማ ቆሜ በድስት ያማሰልሁት፤
ማንያዘዋል ለጥፎ ቀሪውን ላሰው፣
"ጨው የለውም እኮ" ብሎ ደግሞ ከሰሰው።
ሰንበሌጥ ክር ሆነ፣ የአጋም እሾህ መርፌ፤
"አይወጋችሁ! ቀስ!" ስል ደረቀ አፌ።

አትጠገብ ብቻ አልቆረጠች፣ አልሰፋች፤
አንዲት ቅጠል ይዛ ፀሐይ ላይ ዘረጋች፤
በጅማቱ መሐል ጣቷን እየነዳች፣
"ይሄ ቤታችን ነው፣ ይሄ ወንዙ፣ ተምጫ፤
ይሄ ወፍጮ ቤቱ፣ ይሄ መንገድ መውጫ፤
ይቺ ቀዳዳዋ" አለች፣ "አባቴ የሄደበት።"
ትል የበላው ነበር።
ዝም አልሁበት።

ያኔ ነው መጥረጊያው ከኋላዬ የቆመው።
"ማነው ክምሬን" አሉ፣ "እንዲህ የተሻማው?
ሦስት ሳምንት ሙሉ ወገቤ የጎበጠ!
ለሚካኤል ምን ላጭስ? ምን ተቀመጠ?"
አርባ ሦስቱ ልጆች እንደ ቅጠል ደረቁ፤
እኔም፣ ዋናው ሌባ፣ ቃላቶቼ አለቁ።

እንየው ነው የተነሣው፣ ያ ነገር የማይቀናው፤
የሳሙና ካርቶን ከፊታቸው አቀናው።
ካርቶኑ ላይ ሰው፦ ብሳና ጋቢ፣ የጽድ ጢም፣
ዱላው የግራር ጭራሮ፣ ትንሽ የጠመም፤
ከእግሩ ሥር ቁልል አለ፣ ቁልሉ ላይ ድንጋይ።
"እርስዎ ነዎት" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያይ።

አያ ስንሻው አዩት። አዩት። አሁንም አዩት።
"ጢሜማ ለምለም ነው!" ብለው በጣት ነኩት።
አልሳቁም። ካርቶኑን ግን ከብብታቸው ከተቱት።

በአሥራ ሁለት ማለዳ ደምበጫ ጭስ ለበሰች፤
የኛ ቅጥር ጭስ ግን ቀጭን ነበረች፤
አሮጌ ጆንያና አንድ ጎዶሎ ጫማ፤
የቅጠል ሽታ ከዚያ አልተሰማ።

ሰኞ ክፍል ስከፍት ጆንያ አለ ከደጃፉ፣
በልጥ የታሰረ፣ በጥንቃቄ፣ አፉ፤
ውስጡ ብሳና ብቻ፣ በመጠን የተለየ፣
ትልቁ ከትልቅ፣ ትንሹ ከትንሽ፣ አንዱም አቧራ ያላየ።
ከታች ግን ለብቻው በላስቲክ የተቋጠረ
ትል የበላው ሁሉ ተለይቶ ነበረ።

"ይኼስ ለማነው?" ብዬ ብጮህ ወደ በሩ፣
መጥረጋቸውን ሳያቆሙ፣ ሳይዞሩ፣
"ለዚያች" አሉኝ፣ "ለባለ ወንዟ።"