በዚህ በኩል ቅደዱ

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ፓርኩ በር ላይ ቆሜ፣
አርባ የእንቁላል ሳንዱች በቅርጫት ተሸክሜ፣
ፈረቃው ሲቀየር፣ ልጆቹ ሲወጡ፣
ብናኝ ክር ለብሰው እየተሻሙ ሲመጡ፣
መዲና የትናንቱን
በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አሳየችኝ።
ፌስታሉ አልቦታል፤
ዳቦው እንደ ወለል ጨርቅ ርሷል።
«እታለም» አለች፣ «ይሄ ሳንዱችሽ አልቅሷል።»

አልሳቅሁም። አርባ ብሯን መለስሁላት፤
ለእሷ የሦስት ሰዓት ስፌት ናት።

ማታውን ከሰዓዳ ጋር ቁጭ ብለን ዘረዘርን፦
ጋዜጣው ፊደሉን ዳቦው ላይ ያትማል፣
የስቴፕለሩ ሽቦ ጥርስ ይሰብራል፣
የተቋጠረ ፌስታል እንኳን ላብ፣ ዝንብ ያስገባል።
«ማሽን ነው» አለች። «ደሴ ውጪ፣ ይማም ዘንድ አይጠፋም።»
የዕቁቧን ብር ከመሐረብ ፈታ ሰጠችኝ፤
ሁለቴ አልቆጠረችም።

ሀረጎን ስንወጣ ጉሙ ወርዶ አገኘን፤
ከነሚኒባሳችን ከዓለም ለይቶ አሸገን።
ረዳቱ በክርኑ መስታወት ይጠርጋል፣
ሹፌሩ በጥሩንባ ገደሉን ይጠይቃል።
እኔ ግን የማየው ሌላ ነበር፦
የአሥራ አምስት ሰው ትንፋሽ፣ መውጫ አጥቶ፣
መስታወቱ ላይ ሲወርድ ጠብታ ሠርቶ።
እንዲህ ነው ለካ!
ሳንዱቼን የገደልኩት ትኩሱን አፍኜ ነው።

ይማም ፒያሳ ካለው ሱቁ ማሽን ሲያወድስ
ሚዜ ነው የሚመስል፣ ሙሽራ የሚያሞግስ።
«ይህቺ ቫኪዩም ናት፤ አየር ትመጥጣለች፣
የወር ሥጋ ሳይሸት ታስቀምጣለች።»
«እስቲ ሞክራት» ብዬ ሳንዱች ከቦርሳ አወጣሁ።
ማሽኗ አጓራች።
ዳቦው ተሸማቀቀ፣ እንቁላሉ በጎን አመለጠ፣
ሳንዱቼ የተረገጠ ነጠላ ጫማ ሆኖ ተቀመጠ።
«ይህችስ ለቋንጣ ናት» አልኩት።

ሁለተኛዋ ባለ ፔዳል፣ ረጅም፣ ኩሩ፤
ዋጋዋን ሲነግረኝ መሐረቡን ጨበጥሁ።
«መብራት ሲጠፋስ?»
«አብሽሪ እህቴ፣ ሲመጣ ትሠሪያለሽ።»

ሦስተኛዋን እኔው ነኝ ያገኘኋት፣
ከመደርደሪያ ሥር፣ አቧራ ለብሳ።
የእጅ ናት። ክንድ አላት፤ ከሥሯ ጠጉር የምታክል ሽቦ።
ሦስት ድረስ ቆጥሬ ተጫንኩ፤ ላስቲኩ ቀልጦ ተበሳ።
ሁለት ድረስ ቆጥሬ ተጫንኩ፤ ሳይዝ ለቀቀ።
በሁለትና በሦስት መካከል
ስም የሌለው ቁጥር አለ፤
እጄ እስኪያውቀው አሥር ከረጢት አበላሸሁ።

ቀጥሎ ባልዲ ውሃ አስመጣሁ።
ያሸግሁትን ደፈቅሁት፣ በመዳፌ ጫንኩት፣
አረፋ ይወጣ እንደሆን ጥጎቹን ጠበቅኋቸው።
ይማም ጥላሁን ለጎረቤቱ ተጣራ፦
«ና እይልኝ! ዳቦ የምታጠምቅ ሴት መጣችብኝ!»
ያ ጎረቤት መስቀሉን ከአንገቱ ሳብ አድርጎ
«ክርስትና አባት ጎድሎ ከሆነ አለሁ» አለ።
አንዲት አረፋ ብቻ ወጣች። እሷም አመነታች።

ላስቲኩን ጥርት ያለውን መረጥሁ፤
የረቡዕ ምስር ከማክሰኞ እንቁላል በዓይን እንዲለይ፣
በረመዳን ስሁር የሚገዛም
የሚበላውን ሳይከፍት እንዲያይ።

አሁን ዳቦው ወንፊት ላይ ይቀዘቅዛል።
ከቦርከና በኩል ነፋስ ይመጣል። አንቸኩልም።
በመጀመሪያው ምሽት መዲና ገዛች፣
ላስቲኩን ጎተተች፣ በጥርሷ ያዘች፣
መርፌ የጠቀጠቃቸው ጣቶቿ ይንሸራተታሉ፤
ቆማ፣ ርቧት፣ ሳንዱቹን እያየችው።
ውሃ እንዳይገባ ብዬ፣ ሰው እንዳይገባ አድርጌው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ከስፌቱ መስመር ውጭ
ጥፍር የማታክል ስንጥቅ በመቀስ እተዋለሁ፤
አጠገቧ በእስክሪብቶ «በዚህ በኩል ቅደዱ» እላለሁ።
ሰዓዳ ትስቅብኛለች፦
«ልትቀጂው ነው ወይ ያን ሁሉ ያሸግሽው?»

ትናንት ሃያ ሦስተኛው ላይ መብራት ጠፋ።
የቀሩትን በፎይል ጠቅልዬ ወጣሁ።
የፓርኩ በርም ጨልሟል፤ ፊት አይለይም።
አንዲት እጅ ከጨለማው መጣች፣ ጥጉን ዳሰሰች፣
ስንጥቋን አገኘች።

ጭርር።