የባሕር ማሽላ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከአንጓች መደብ አጠገብ፣
በርበሬው ተከምሮ ፀሐይ ሲቀልብ፣
መምህር ፈንታሁን፣ የጂኦግራፊው ሰው፣
አንድ ዛላ መርጦ፣ ሰብሮ አሸተተው።
ሁለቴ አስነጥሶ፣ እንባ አቅርሮ አለ፦
«ይህ ዘር ሜክሲኮ ነው አስቀድሞ የበቀለ።»

አንጓች ሳቀችበት፣ ዓይኗ እስኪያነባ፦
«ይህስ ከቡሬ ነው፣ ማታ ነው የገባ፤
ሾፌሩን አውቀዋለሁ፣ ስሙ መኳንንት፣
ያልከፈልኩት ኪራይ አለብኝ ከትናንት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ።
እኔም ከወፍጮ ቤቴ ደጃፍ፣
ቅንድቤ ድረስ በብናኝ ቀልቼ፣ ሳቅሁ።

ማታ ግን፣ ወፍጮው ዝም ሲል፣
ቀበቶው ገና ትኩስ ሆኖ፣
ነገሩ ከነከነኝ።
በርበሬ እንግዳ ከሆነ፣
ግንቡ ከመቆሙ በፊት ያ ሁሉ ጦር፣
ያ ሁሉ ቁጣና ፉከራ፣
በጥምዝና በዝንጅብል ብቻ ኖሯል?
አልጫ ነበርን ማለት ነው?

ደግሞ አባቴ፣ ከደምቢያ በአህያ ሲያመጣው፣
በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ይለው ነበር።
አርባ ዓመት ፈጨሁት።
ስሙ ውስጥ ባሕር እንዳለ
አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም።

አዲስ አበባም ለዓይኔ ሕክምና የሄድሁ ጊዜ
«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» ሲል ወያላው፣
የሰፈር ስም መስሎኝ፣ ከፍዬ ወረድሁ።
ይህን ሲሰማ መምህሩ ተቆጣ፤
እንደ ተማሪ አቆመኝ።
በከዘራው ወደ ፒያሳ እያመለከተ
«ያ ሁሉ ፎቅ ሲገነባ» አለኝ፣
«ጣልያን ‹አገሪቱ የኔ ናት› ሲል፣
ዓለም አንገቱን ሲደፋ፣
‹የለም› ካሉት ከጥቂቶቹ አንዷ ያቺ ናት።
አንተ ግን የታክሲ መውረጃ አደረግሃት።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ
ዱቄት በተነሰነሰ ጆንያ ላይ በጣቱ ይሥልልናል፦
ሐይቅ ላይ የተሠራ ከተማ፣
በውኃ መካከል የሚታረስ ማሳ፣
ፈረስ አይተው የማያውቁ ሰዎች
ፈረሰኛ ሲመጣባቸው፤
የመቅደሳቸው ድንጋይ ተፈንቅሎ
የሌላ መቅደስ ግድግዳ ሲሆን።
«ሰው ከምን ተሠራ ይላሉ መሰላችሁ?
ከአፈር አይደለም፤ ከበቆሎ ሊጥ።»
«ታዲያ ማን ፈጨው?» አልሁ።
«አንዲት ባልቴት» አለኝ፣ «ዘጠኝ ጊዜ ደጋግማ።»
እኔ ሁለቴ ብቻ ነው የምፈጨው።

የድንጋዩ ነገር ግን ወዲያው ገባን።
ጎንደርም ተቃጥላለች፤
ከተማ ነድዶ ሲያድር የሚቀረውን ሽታ
ከቅድመ አያት ሲወርድ ሰምተናል።

አንጓችን የያዛት ሌላ ነው።
«ጥቅምት ሃያ ሦስት» አለ መምህሩ፣
«ለሙታን ማዕድ ይዘረጋሉ።
እንደ አደይ ያለ ቢጫ አበባ
ከመቃብር እስከ ደጅ ይነሰንሳሉ፣
መንገድ እንዳይስቱ።
ከስኳር የራስ ቅል ይሠራሉ፣
ግንባሩ ላይ ስም ይጽፋሉ፣
ልጆች ይቆረጥሙታል።»
«ተዝካር ነዋ» አለች አንዷ።
«ሟቹ የሚመጣበት?» አለች አንጓች።
ሌላ አልጠየቀችም።
ልጇ አንዳርጌ መተማ ሄዶ የቀረ ነው፤
መርዶው በስልክ መጣ፣ አፈሩ እዚያው ነው።

ዘንድሮ ሃያ ሦስት ቅዳሜ ዋለ።
በርበሬዋን ከምራለች፣ ሚዛኗን ሰቅላለች፤
ከጎኗ በርጩማ፣
በርጩማው ላይ በሳህን
የተጠበሰ የባሕር ማሽላ፣
አንድ ዛላ፣
ከአጥር የተቀጠፈ ቢጫ ነገር።

ከአዘዞ የመጣ ገዢ፣ እግሩ የዛለበት፣
ሳህኑን ገፋ አድርጎ ሊቀመጥ ሲል
ክንዱን ያዘችው።
«ሰው አለው» አለች።

ሰውዬው ግራ ቀኙን አየ፤
ቆሞ ሁለት ኪሎ ገዛ።