ያየሁትን ብቻ

ሦስት ከስምንት ደቂቃ። ከኋላ፣ ከመስኮቱ ዳር፣
እግሩ በሚወላገድ ወንበር፣
ጉልበቴ ላይ ቅጽ ዘርግቼ፣ እስክሪብቶዬን ከፍቼ፣
እንግዳ ሆንኩ፣ ስድስተኛ «ለ» ውስጥ ገብቼ።
ሐዋሳ ከደጅ ቀርታለች፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ
አባ ኮዳ ይንጎራደዳል፣ ኮት የደረበ፣ ሱፐርቫይዘር መሳይ።

በሥልጠናው ተነግሮናል፦ «ያያችሁትን ጻፉ፣
የሰማችሁትን ጻፉ፤ ከዚያ አንድ ቃል እንዳታልፉ።»
ቀላል መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የጻፍኩት፦ «ክፍሉ ሥርዓት የለውም።»
ሰረዝኩት። «የለውም» ፍርድ ነው፤ በዓይኔ አላየሁትም።
ያየሁት፦ ሃምሳ ሁለት ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ አግዳሚ ወንበር፣
አንዱ እርሳሱን ለሁለት ሰብሮ ለጎኑ ሲያበድር።
ቀጥዬ የጻፍኩት፦ «መምህርቷ ጎበዝ ናት።»
እሱንም ሰረዝኩ፣ ቅር እያለኝ፤ «ጉብዝናው የቱ ጋ ነው?» ቢሉኝ፣ ምኑን ላሳይ በጣት?

መምህርት ዘነበች ሁሪሶ ክፍልፋይ ታስተምራለች፤
ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ ስምንት ቦታ ከፈለች።
አሥራ አራት ጥያቄ ጠየቀች፤ ቆጠርኩ፣ አንድ በአንድ፤
አሥራ አንዱ ለፊተኛው ረድፍ፣ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ለወንድ።
ከግድግዳው ጥግ አርፋሴ፣ ሻሿ አረንጓዴ
(ስሟን ከደብተሯ ሽፋን ነው ያነበብኩት)፣
እጇን አራት ጊዜ አወጣች፤ አልተጠራችም፣ ለወጉ እንኳ፣ አንዴ።

ሦስት ከሃያ ሁለት፦ ለዳሞ ተኝቷል፤
ግንባሩ ዴስኩ ላይ፤ ከሸሚዙ የዓሣ ጠረን ይመጣል።
«ግዴለሽ» ብዬ ጀመርኩ፤ «ግዴ» ላይ ስደርስ ቆምኩ፤
አሞራ ገደል መረብ ሲጎትት አድሮ ይሆን? አልጠየቅኩ።
ቅጹ ላይ «ያየሁት» አለ፣ «የሰማሁት» አለ፤
«የሸተተኝ» የሚል ዓምድ ማን አስቦ ከለለ?

መምህርቷም አየችው።
ድምጿን ዝቅ አደረገች። ጠመኔዋን አስቀመጠች።
ከብርቱካኑ አንድ ስምንተኛ ክርኑ አጠገብ ትታ አለፈች።
«አዘነችለት» ልል ነበር፤ ልቧን የት አይቼ?
«አንድ ስምንተኛ፣ ክርኑ ዘንድ» አልኩ፣ ደቂቃውን ሞልቼ።

ከደወሉ በኋላ ከዋርካው ሥር ተቀመጥን፤
ቅጹን ሰጠኋት፤ አነበበች፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አልን።
ጣቷ «አራት ጊዜ» ላይ ቆመ። ቀና አላለችም።
«ይቺን ልጅ» አለች፣ «እውነቴን ነው፣ አላየኋትም።»
«ታዳያለሽ» ብላት ኖሮ ትሟገተኝ ነበር፤
ከአራት ጋር ግን ምን ክርክር።

ከዚያ ዓይኗ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ መጀመሪያው መስመር፤
«‹ገባሁ፣ ሦስት ከስምንት› ይላል። ደወሉ ግን ሦስት ላይ ነው፤
ስምንቷን ደቂቃ የት እንደነበሩ፣ አቶ ጌዴቦ፣ ማነው ያየው?»

ባጃጁ… ልል ነበር። ከታቦር በታች አስፋልቱ ተቆፍሮ… በቃ!
እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ከስሜ ጎን፦ «ስምንት ደቂቃ።»